ታንኳ ሠሪዎቹ ሰፈር

ባሕር ዳር ለሚመጣ እንግዳ ፕሮግራሙ የታወቀ ነው። ጠዋት ጀልባ ተከራይቶ ዘጌ፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ፣ አመሻሽ ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ፎቶ፣ ማታ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ የተጠበሰ አሳ። በማግስቱ ሻንጣ ሸክፎ ወደ ጎንደር። እኛም ከሸገር ዘመድ በመጣ ቁጥር ይዘነው የምንዞረው በዚሁ መስመር ነው። ጥሩ መስመር ነው፣ አንከራከርም። ብቻ አንድ ሰፈር ይዘላል። የሚገርመው ደግሞ የተዘለለው ሰፈር ሰዎች የሚሠሩት ነገር ባይኖር ኖሮ፣ ከተጎበኙት ቦታዎች ግማሾቹ ጋር ለመቶዎች ዓመታት መድረሻ ባልተገኘ ነበር።

የምናወራው ስለ ነገደ ወይጦ ሰፈር ነው።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። በከተማችን «ወይጦ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ስትጠራ ብዙውን ጊዜ ለስድብ ነው። የማኅበረሰቡ አባላት «ነገደ ወይጦ» ተብለው መጠራትን ይመርጣሉ፤ ስለዚህ እኛም እዚህ ላይ እንደዚያው እንላለን። ፊት ለፊት የምትቀጠለዋ «ነገደ» ትንሽ ብትመስልም ብዙ ሥራ ትሠራለች። ስድቡን መልሳ የሕዝብ ስም ታደርገዋለች። (በነገራችን ላይ፣ ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የውጭ ጸሐፊዎችን ብዙ ስለምንጠቅስ፣ እየቀነስንና እየደመርን እናንተንም ራሳችንንም ከምናደናግር ብለን ነው።)

ነገደ ወይጦዎች በጣና ዙሪያ ተበታትነው ይኖራሉ። በባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ሰፍረዋል። መንደሮቻቸው ሁሉ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ከውኃና ከደንገል አይርቁም። ዘንባባ ከተተከለበት ሰፊ አስፋልት ትወጣላችሁ፣ በሆቴልና በመዝናኛ አጥር መሃል ያለችውን የአፈር መንገድ ትይዛላችሁ፣ ትንሽ እንደሄዳችሁ የከተማው ድምፅ ይቀንሳል። ጠባብ ጎጆዎች፣ በፀሐይ የተሰጣ ደንገል፣ የአሳ ሽታ፣ ከጎጆ በራፍ ላይ ተቀምጠው የሚሰፉ ሴቶች። ከአስፋልቱ እስከዚህ ድረስ የደቂቃዎች የእግር መንገድ ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ አድጎ አንድም ቀን እዚህ ያልረገጠ ሰው ግን ሞልቷል።

ደንገል የሚባለው ፈረንጆች ፓፒረስ የሚሉት ተክል ነው። የጥንት ግብፆች ወረቀት ሠርተውበታል፣ የኛዎቹ ደግሞ ታንኳ። ቁመቱ ሰው ይበልጣል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው፤ ታንኳዋን የሚያንሳፍፋትም ይኸው አየር ነው። ከሐይቁ ዳር ታጭዶ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በእቅፍ በእቅፍ እየተደረገ በልጥ ይታሰራል፣ አፍንጫው ሹል ተደርጎ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሥራዋ ላይ ምስማር የለም፣ ሰሌዳ የለም፣ ቀለም የለም። መሃሉ ላይ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍና ሰውም ዕቃም እርሱ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃው ከታች ገባ ወጣ እያለ ቢያልፍም ተሳፋሪው አይርስም። (ብዙም አይርስም እንበል።)

አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ደንገሉ ላይ ተጭነው ልጡን ሲያጠብቁ ደረስን።

«አባባ፣ አንዷን ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?»

«ደንገሉ ደርቆ ከጠበቀኝማ አንድ ቀን ይበቃኛል ልጄ።»

«ስንት ጊዜስ ታገለግላለች?»

«እንደ አያያዙ ነው። ወርም ሁለት ወርም። ከውኃ ሲወጣ እያደረቀ ለሚይዛት ትቆያለች። ውኃ ከጠጣችማ አለቀላት።»

«ታዲያ በየሁለት ወሩ እንደ አዲስ መሥራት አይሰለችም?»

ሳቁብን። «እርሷ ዘላለም ብትኖርማ እኔ ምን እበላ ነበር?»

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስብ። ታሪክ ስንል የለመድነው የሚቆየውን ነገር ነው። ድንጋይ ይቆያል፣ ብራና ይቆያል። ታንኳ ግን በሁለት ወር ይበሰብሳል። በመቶዎች ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ታንኳዎች ተሠርተው አልቀዋል። የድንጋይና የብራና ባለቤቶች ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል። የታንኳ ባለቤቶች ታሪክ ከታንኳው ጋር ይበሰብሳል። ነገደ ወይጦዎችን ከመርሐ ግብሩ ያስዘለላቸው አንዱ ነገር፣ በእኛ ግምት፣ ይኼው ነው። የሚታይ ግንብ የላቸውም።

ግን ታንኳዋን ደካማ ብላችሁ እንዳትንቋት። ሁለት ታሪክ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። በ1866 ንጉሡ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ መልእክተኛነት መጥቶ በኋላ እስረኛ የሆነው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ቴዎድሮስ ጣና ላይ የሚሄድ «መርከብ» ለመሥራት ቋምጠው ነበር። የእንፋሎት ሞተር የለም። ታዲያ ምን አደረጉ? በሀገሩ ዕቃ ጀመሩት። ርዝመቷ 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ የሚሆን ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠሩ፣ በግራና በቀኝ በእጅ የሚሽከረከር መንኮራኩር አስገጠሙላት። መድፍ በጋፋት ያሠሩት ንጉሥ፣ መርከባቸውን ግን ከደንገል ነው የጀመሩት። ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ስለዚች የደንገል መርከብ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ወደኛ ዘመን የቀረበ ነው። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ አሳሽ፣ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስን መሻገር ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም የሚለውን በራሱ ሕይወት ሊሞክር ተነሣ። ደንገል ከየት ይምጣ? በግብፅ የዱር ደንገሉ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጀልባዋ ደንገል የታጨደው ከጣና ነው። ከዚህ ተጭኖ ግብፅ ሄደ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ጀልባ ሆነ፣ «ራ» ተብላ ተሰየመች፣ በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ ባርቤዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተፈታታች። በሚቀጥለው ዓመት የተሠራችው «ራ ሁለት» በ57 ቀን ተሻግራ ደረሰች።

እኛን የቆጨን ምን መሰላችሁ? የመጀመሪያዋን ጀልባ እንዲሠሩ የተጠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሁለተኛዋን የሠሩት ደግሞ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ። ደንገሉ የጣና፣ እጁ የቻድ፣ ዝናው የኖርዌይ!

ነገደ ወይጦዎች ከየት መጡ ለሚለው፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚነገረው አፈ ታሪክ «ከግብፅ፣ የዓባይን ወንዝ ተከትለን» የሚል ነው። በጥንት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉትን የደንገል ጀልባዎች ያየ ሰው፣ አፍንጫቸው ወደ ላይ ቅልብስ ያለውን፣ አፈ ታሪኩን ለማመን አይቸገርም። እኛ ግን ትንሽ እንጠንቀቅ። ደንገል ወይም እርሱን የመሰለ ተክል ባለበት በብዙ ቦታ ሰው ተመሳሳይ ጀልባ ሠርቷል፤ ቻድም ቲቲካካም ምስክር ናቸው። ይልቅስ በሌላ በኩል የሚነገረው ግምት ክብደት አለው፤ ከአማራም ሆነ ከአገው ቀድመው በሐይቁ ዳር የነበሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው። ለዚህ ቁልፉ ቋንቋቸው ነበር። ቋንቋቸው ደግሞ የለም።

ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ ማየት ያሳዝናል። በ1770 ወደዚህ አካባቢ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ያው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተንከራተተው፣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ የሀገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ብሩስ ስለ ብዙ ነገር ያጋንናል ተብሎ ይታማል፣ ግን ቋንቋ ላይ ጆሮው መጥፎ አልነበረም። የሚያሳዝነው፣ ከቋንቋው አንድም ቃል መዝግቦ አላስቀረልንም። ከዚያ ዝም። በ1907 ጀርመናዊው የሴማዊ ቋንቋዎች ምሁር ኦይገን ሚትቮህ ስለነርሱ ሲጽፍ የሚናገሩት አማርኛ ነው አለ። በ1939 ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴል ኮኸን ከነርሱ ዘንድ የተሰበሰቡ ለየት ያሉ ቃላት አሳተመ። ቃላቱ ሲመረመሩ አብዛኞቹ ከአማርኛ ወይም ከዐረብኛ የመጡ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት ጥቂቶቹ ከየት እንደመጡ ያወቀ የለም።

በቃ፣ ያ ነው። አንድ ሕዝብ ሲያወራበት፣ ሲጣላበት፣ ልጅ ሲያባብልበት ከኖረ ቋንቋ የቀረው በጣት የሚቆጠሩ ቃላት ነው። ዛሬ የቋንቋ ምሁራን ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመድቡት እንኳ አልተስማሙም። አገውኛ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ዝርዝሮች ውስጥ ግን «ያልተመደበ» ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ከብሩስ እስከ ሚትቮህ ያለው 137 ዓመት ነው። በዚህ መሃል ጎንደር ላይ ነገሥታት ተፈራርቀዋል፣ ዘመነ መሳፍንት አልፏል፣ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞተዋል፣ ዐድዋ ተዋግተናል። ይህንን ሁሉ የሚጽፉ ጸሐፊዎች በየደብሩ ነበሩ። ከደብሩ በታች ውኃው ላይ የነበረውን ቋንቋ ግን ለመጻፍ ብራና ያነሣ አልነበረም።

ለምን? አንዱ መልስ ጉማሬ ነው።

ነገደ ወይጦዎች በዋነኛነት የሚታወቁት በጉማሬ አዳኝነት ነበር። ደንገሉ ውስጥ ተደብቀው፣ ጦር ይዘው፣ በዚያች በምታውቋት ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ ይገድሉ ነበር። (ጉማሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዓባይ ድልድይ አካባቢ ብቅ ሲል አይቶ የሮጠ ሰው የምን ድፍረት እንደሆነ ይገባዋል።) ሥጋውን ይበላሉ፣ ቆዳው ለጋሻና ለአለንጋ ይሸጣል። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ታዲያ ክርስቲያኑ ጎረቤት «ጉማሬ በል» ብሎ ራቃቸው፤ ሌላው ሙስሊምም «ያልተፈቀደ በልተዋል» ብሎ ራቃቸው። ቀደም ባለው ዘመን ለዓባይ መንፈስም መሥዋዕት ያቀርቡ እንደነበር የጻፉ አሉ፤ ያ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይበልጥ አስቀየመ። ከገበታ ተለዩ፣ ከጋብቻ ተለዩ። ልብ በሉ፣ ባላባቱ በያዘው የጉማሬ አለንጋ ማንም አልተጸየፈውም። የተጸየፉት አዳኙን ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጉማሬው ተመናመነ፣ አደኑም ተከለከለ። ነገደ ወይጦዎች ወደ አሳ፣ ወደ ታንኳ፣ ወደ ስፌት፣ ወንዶቹም ድንጋይ ጠርቦ የእህል ወፍጮ ወደመሥራት አደሉ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍሬደሪክ ጋምስት በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ ይህንን ለውጥ አጥንቶ ጽፎታል፣ ከአደን ወደ ገበሬነት ስለመሸጋገር። ጉማሬ መብላት ከቀረ ትውልድ አልፏል። መራቁ ግን አብሮ አልቀረም። ዛሬም አብሮ መብላትና መጋባት ላይ ያለው አጥር በብዙ ቦታ አልፈረሰም። ሥራው ከተለወጠ፣ ምክንያቱ ከጠፋ፣ ንቀቱ ምን ይዞ እንደቆመ የሚያስረዳን ብናገኝ ደስ ባለን።

አሁን እስቲ ከዚህ ሰፈር ተነሥተን የለመድነውን መስመር በሌላ ዓይን እንየው። ውኃው ላይ እንውጣ።

ወደ ሰሜን ጥቂት ስንሄድ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋር ደብረ ማርያም ደሴት አለች። ወደ ምዕራብ የዘጌ ልሳነ ምድር፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ቡና ዛፍ ውስጥ ተሸሽገው ይጠብቋችኋል። የዑራ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ዘርዝሮ ማውራት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ብቻ አንገታችሁ እስኪደክም አንጋጣችሁ እዩ። ከዘጌ ብዙ ሳይርቁ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ አሉ፤ ክብራን ሴት አይገባም። ራቅ ብሎ ደቅና ዳጋ። ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም በሣጥን ተቀምጧል።

እንግዲህ አስቡት። የንጉሥ አስከሬን ደሴት ላይ እንዴት ደረሰ? በ1530ዎቹ የግራኝ አሕመድ ጦር ሰሜኑን ሲያዳርስ፣ የየብስ ጦር ውኃ ላይ በቀላሉ ስለማይወጣ የጣና ደሴቶች ለመጽሐፍና ለንዋየ ቅድሳት መሸሸጊያ ነበሩ። (ደሴት ሁሉ ግን አላመለጠም። ኢማሙን ተከትሎ ዜናውን የጻፈው ዐረብ ፋቂህ ገሊላ ደሴት ላይ የተደረገውን ጥቃት ተርኮልናል።) ያ ሁሉ ብራና በምን ተሻገረ? ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ የሚሆን እንጨት፣ ኖራ፣ የካህናቱ እህል? የሞተር ጀልባ ጣና ላይ የታየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ያለው መልስ አንድ ነው፤ በታንኳ።

ሐቁን ለመናገር፣ ታንኳ የሚሠራውና የሚቀዝፈው የነገደ ወይጦ ሰው ብቻ አልነበረም፣ አይደለምም። የዘጌና የደቅ ሰዎችም ጎበዝ ቀዛፊዎች ናቸው፤ ዘጌዎች እንጨት ቆልለው ለሰዓታት እየቀዘፉ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጡ ኖረዋል። ስለዚህ «የጣና ገዳማት በነገደ ወይጦ ታንኳ ተሠሩ» ብሎ መደምደም ማጋነን ነው። ግን ደንገልን እንደ ሙያው የያዘ፣ ስሙም ኑሮውም ከርሱ ጋር የተሰፋ ሕዝብ ማን ነው ብትሉን ሌላ መልስ የለንም። አስጎብኚዎቻችን መቅደሱን ማን እንደመሠረተ፣ ሥዕሉን ማን እንዳሠራ በዝርዝር ይነግራሉ። ማን እንዳሻገረ ሲናገሩ ግን አልሰማንም።

ጢስ ዓባይም እንደዚያው ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ወደ ፏፏቴው ስትሄዱ በእግራችሁ የምትሻገሩት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። «የፖርቱጋል ድልድይ» ይባላል፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 ገደማ የተሠራ፣ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው ተብሎ የሚነገርለት። ከዚያ በፊት ክረምት ላይ ዓባይን መሻገር የፈለገ ወይ ታንኳ ይፈልጋል ወይ በዋና ሕይወቱን ይሸጣል። ድልድዩ አሁንም ሰውና አህያ ያሻግራል፤ ከ400 ዓመት በኋላ! ፏፏቴው ግን እንደ ድሮው አይደለም። በ1996 ዓባይ ከሐይቁ መውጫ ላይ ጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሲመረቅ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ተጠለፈ። ክረምት ካልሆነ ጢሱ ቀጭን ነው። የብር ኖቱ ላይ ያየነውን አትጠብቁ። በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ደግሞ በግንቦት 2024 ርዝመቱ 380 ሜትር የሆነ አዲስ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። ሌሊት መብራቱ ያምራል፣ ለሠርግ ፎቶም ተመራጭ ሆኗል።

ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲያዩት ከተማው በሙሉ ይታያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ኮረብታ ነው፤ ባሕር ዳርን ዋና ከተማ የማድረግ ሐሳብም ነበራቸው ይባላል። ከጣሊያን በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች መንደር የነበረችው ባሕር ዳር፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፖሊቴክኒክና ጀርመኖች የነደፉት ማስተር ፕላን ተከታትለው መጡላት። ዘንባባው፣ ሰፊው አስፋልት፣ የሐይቁ ዳር መናፈሻ የዚያ ዘመን ሐሳብ ውጤት ነው። እንኮራበታለን።

ችግሩ፣ ፕላኑ ላይ ሐይቅ ዳር ማለት መናፈሻና ሆቴል ማለት ነው። ለነገደ ወይጦ ግን ሐይቅ ዳር ማለት የሥራ ቦታ ነው። አንድ መሬት ሁለት ትርጉም ሲኖረው፣ ካርታ የያዘው ያሸንፋል። በማኅበረሰቡ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው፤ ለትውልዶች የኖሩበት መሬት ላይ የባለቤትነት ማረጋገጫ የሌላቸው ብዙ መሆናቸው። ሐይቁ ዳር በለማ ቁጥር ሰፈሩ ይጠባል።

ደንገሉም እየሸሸ ነው። በ2003 የሐይቁ ውኃ ክፉኛ ወርዶ መርከብ መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር፤ ውኃው በሸሸ ቁጥር «ባሕር ሸሽ» የሚባለው መሬት ይታረሳል፣ ደንገል የነበረበት ጤፍና ሽምብራ ይሆናል። ገበሬውን አንወቅስም፣ እርሱም የሚበላው ይፈልጋል። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ፤ ከሀገር ቤትም ከውጭም ገንዘብ ተዋጥቶ፣ ወጣቱ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነቀለው፣ አሁንም አልጠፋም። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ክምችቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። መዝገቡ ከተፈጥሮው ጋር አብሮ የኖረውን ሰው መጠበቅንም ይጨምራል። ደንገል ሲያጭድ የኖረው ሰው የሚያጭደው እያጣ ከሄደ፣ መዝገቡ ለማን እንደሆነ መጠየቅ መብታችን ይመስለናል።

ልጆቹስ? የብዙዎቹ ፍላጎት እንደኛው ነው። ትምህርት፣ ሥራ፣ ስልክ። በ1980ዎቹ በሆላንዶችና በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ከገባ ወዲህ፣ በታንኳ አሳ የሚያወጣ ሰው ከሞተር ጋር መወዳደር አልቻለም። ከ2020 በኋላ ኮሮናው፣ ጦርነቱ፣ በ2023 የጀመረው የክልሉ ግጭት ተደራርበው ቱሪስቱን ሲያርቁት፣ ለእንግዳ ትንንሽ ታንኳና መሶብ መሸጥም ቀዘቀዘ። ወጣቱ ታንኳ መሥራት ባይፈልግ አንፈርድበትም። ሙዚየም የሚያስፈልገን እኛ እንጂ እርሱ አይደለም። እኛ የምንለው፣ ቢያንስ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ሙያው ይቀረጽ፣ ይጻፍ፤ የቋንቋው ዕጣ አይድገመው። ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ነው ያለው፣ ካሜራም በየኪሳችን።

«ታዲያ ሄደን እንጎብኛቸው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛ ራሳችን መንገድ ላይ ስንከራከርበት ነበር። የሰው ድህነት ለማየት የሚሄድ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል። ሰው ሳያስፈቅድ ልጆች ፎቶ የሚያነሳም እንዲሁ። ታንኳ ሊያዝ፣ ሌማት ሊገዛ፣ ሙያ ሊጠይቅ የሚሄድ ግን ደንበኛ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ የትም ቦታ «እንኳን ደህና መጣህ» ይባላል። አንዲት እናት ከጎጇቸው በራፍ ላይ ሆነው የደንገል ስፌታቸውን አሳዩን፤ ዋጋ ስንጠይቃቸው መጀመሪያ ያሉን «ቁጭ በሉ እንጂ ልጆች፣ ቆማችሁ ትገዛላችሁ?» ነበር። ተቀመጥን። ቡና ቀረበ፣ ጠጣን። ወሬው ረዘመ፣ ስለ ደንገሉ ርቀት፣ ስለ ልጃቸው የማትሪክ ውጤት፣ ስለ ዋጋ መወደድ። ሁለት ሌማት ገዛን፤ ዋጋ ለመከራከር የሞከረውን ጓደኛችንን በክርን ጎሰምነው።

ሰፈር ድረስ መሄድ የማይመቸው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ይውጣ። የደንገል ስፌቱ፣ ምንጣፉ፣ ተጠርቦ የተዘጋጀው ወፍጮ መሬት ላይ ተደርድሮ ያገኘዋል። የሠራው ማን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ላዩ ላይ የለም። ሻጯን ይጠይቅ።